ለአርዱይኖና ለኢኤስፒ32 ቦርዶች የኮድ ኤዲተር አዘገጃጀት፦ ዳታና መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር

ይህ መመሪያ ቪኤስ ኮድ የተባለውን የኮድ ኤዲተርና ፕላትፎርምአይኦ የተባለውን ኤክስቴንሽን (በኤዲተሩ ላይ የሚጨመር ክፍል) በአንድ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ፣ እንደ አርዱይኖ ኡኖና ኢኤስፒ32 ያሉ የማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ውስጥ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) ቦርዶችን ፕሮግራም ለማድረግ የሚያስፈልገውን ሥራ በቅደም ተከተል ያስረዳል። የታሰበው በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በለገጣፎ ወይም በሰበታ ለሚኖር፣ ኢንተርኔት ከስልኩ በሆትስፖት ለሚያገኝና መብራት በየትኛው ሰዓት እንደሚጠፋ ለማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህም ያልተገደበ ኢንተርኔት ላለው ሰው ከተጻፉት መመሪያዎች በአንድ ነገር ይለያል፤ ብዙ ዳታ የሚበላው ሥራ ሁሉ በአንድ ተቀምጦ ይጠናቀቅና፣ ከዚያ ዳታው ተዘግቶ መሣሪያው ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ይፈተናል።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። ፕላትፎርምአይኦ በሚጫንበት ጊዜ የሚያወርደው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የጻፉትን ኮድ ቦርዱ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለርና ለየቦርዱ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር የሚወርዱት ለዚያ ቦርድ የመጀመሪያው ፕሮጀክት ሲፈጠርና ኮምፓይል ሲደረግ ነው። ቅዳሜ ማታ «ጭኜ ጨርሻለሁ» ብሎ ላፕቶፑን የዘጋ ሰው፣ እሑድ ጠዋት የእንቁላል ማስፈልፈያውን ሙቀት የሚቆጣጠር ኮድ ሊጽፍ ሲቀመጥ ጥቅሉ አልቆ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

የሜኑና የትእዛዝ ስሞች እዚህ በድምፃቸው በፊደላችን ተጽፈዋል፤ በስክሪኑ ላይ የሚያገኟቸው ግን በላቲን ፊደል ነው።

የትኛው ኤዲተር ለማን

አንድ ፋይል ብቻ ላለው አጭር ኮድና ለአንድ ቦርድ የአርዱይኖ የራሱ ኤዲተር የሆነው አርዱይኖ አይዲኢ ይበቃል፤ በእርሱ ሥራው የሚሄድለት ሰው ኤዲተር ለመቀየር የሚቸኩልበት ምክንያት የለም። ቪኤስ ኮድ ከፕላትፎርምአይኦ ጋር ሲሆን የሚያስገኘው ጥቅም የሚታየው ፕሮጀክቶች ሲበዙ ነው። የእያንዳንዱ ፕሮጀክት ቦርድ፣ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) እና የሶፍትዌር ስሪት በራሱ አቃፊ ውስጥ ባለ አንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል ስለሚመዘገብ፣ ዛሬ ለሮቶው የውኃ መጠን መለኪያ በኡኖ፣ ነገ ለዶሮ ቤቱ መብራት በኢኤስፒ32 ሲጽፉ በየጊዜው ከሜኑ ቦርድ እየቀያየሩ መሥራት ይቀራል።

ላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራም ካለው ሥራው ምቹ ይሆናል። በ4 ጊጋባይትም ይሠራል፤ ነገር ግን ብሮውዘሩ ከነብዙ ገጹ ተከፍቶ ሳለ ኮምፓይል ማድረግ ማሽኑን ያንቀራፍፈዋል። ከዚያ ያነሰ ራም ወይም ዊንዶውስ 7 ላለው ሰው የምሰጠው ምክር አርዱይኖ አይዲኢ 1.8.19ን ጭኖ በእርሱ እንዲቀጥል ነው፤ አዲሶቹ የቪኤስ ኮድ ስሪቶች ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ።

ደረጃ 1፦ ከማውረድ በፊት

በሲ ድራይቭ ላይ ቢያንስ 5 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑር። ላፕቶፑ ከስልክዎ ሆትስፖት ጋር ሲገናኝ ዊንዶውስ ያንን መስመር እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ስለሚቆጥረው የራሱን አፕዴት በስተጀርባ ማውረድ ሊጀምር ይችላል፤ ስለዚህ በዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ከሚለው ገብተው የተገናኙበትን ዋይፋይ ይምረጡና «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ። ብዙ ሰው የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ግማሹን ሳያውቅ ለዊንዶውስ አፕዴት የሚገብረው ይህችን ቁልፍ ስለማያበራ ነው።

ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ለእኛ በተለይ የሚመለከት ነው። ፕላትፎርምአይኦ የሚያወርዳቸውን ሁሉ የሚያስቀምጠው በዊንዶውስ ተጠቃሚው አቃፊ ውስጥ በነጥብ በሚጀምር ፕላትፎርምአይኦ የተባለ አቃፊ ነው። የዊንዶውስ ተጠቃሚ ስምዎ በአማርኛ ፊደል ከተጻፈ ወይም በመካከሉ ክፍት ቦታ ካለው፣ አንዳንዶቹ ኮምፓይለሮች ወደ አቃፊው የሚወስደውን አድራሻ በትክክል ማንበብ ስለሚያቅታቸው ምክንያቱ የማይገባ ስህተት እየመጣ ያስቸግራል። የተጠቃሚውን ስም ከኮንትሮል ፓነል መቀየር መፍትሔ አይሆንም፤ የሚቀየረው የሚታየው ስም ብቻ ነው፣ አቃፊው በድሮው ስሙ ይቀራል። ቀላሉ መንገድ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ አጭር ስም ያለው አዲስ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ከፍቶ ሥራውን በእርሱ ውስጥ መጀመር ነው።

ደረጃ 2፦ ቪኤስ ኮድን መጫን

ፕሮግራሙን ከማይክሮሶፍት የራሱ የቪኤስ ኮድ ድረ ገጽ ያውርዱ፤ በነፃ የሚሰጥ ነው፣ ቁልፍም ሆነ ክራክ አይፈልግም። ከሱቅ በፍላሽ የተገለበጠ ቅጂ ሲሰጥዎ አይቀበሉ። ዩዘር ኢንስቶለር የሚባለው የአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ስለማይጠይቅ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ለሚጠቀም ሰው ይስማማል።

ከተከፈተ በኋላ ሌላ ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ያስተካክሉ። ከፋይል ሜኑ «አውቶ ሴቭ» የሚለውን ያብሩ፤ ዴስክቶፕ ለሚጠቀም ሰው መብራት በጠፋ ቁጥር የጻፈውን ከማጣት ያድነዋል። ቀጥሎ በግራ በኩል ታች ካለው ጥርስ ያለው ጎማ ከሚመስለው ምልክት ወደ ሴቲንግስ ይግቡና በመፈለጊያው ሳጥን «አፕዴት ሞድ» ብለው ፈልገው ወደ «ማንዋል» ይቀይሩት፤ እንዲሁም ኤክስቴንሽኖች በራሳቸው እንዳይታደሱ «አውቶ አፕዴት» የሚለውን ያጥፉ። ማደስ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን፣ መቼ እንደሚታደስ የሚወስነው የዳታውን ገንዘብ የሚከፍለው ሰው መሆን ስላለበት ነው። የኤዲተሩን ቀለምና ገጽታ በትርፍ ጊዜዎ ያሳምሩት።

ደረጃ 3፦ ፕላትፎርምአይኦን መጫን

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤክስን በአንድ ላይ ሲጫኑ የኤክስቴንሽኖች መደርደሪያ ይከፈታል። ፕላትፎርምአይኦ ብለው ይፈልጉ፤ አሳታሚው ራሱ ፕላትፎርምአይኦ የሆነውን «ፕላትፎርምአይኦ አይዲኢ» ይምረጡና «ኢንስቶል» የሚለውን ጠቅ ያድርጉ። የማይክሮሶፍት የሲና የሲ++ ኤክስቴንሽን አብሮት ይመጣል፤ ለብቻው መፈለግ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ኤክስቴንሽኑ ራሱ በፍጥነት ይጫናል፣ ከዚያ ግን በቀኝ በኩል ታች በምትታይ ትንሽ ማስታወቂያ «ኮር» የተባለውን ዋናውን ክፍል እየጫነ መሆኑን ይናገራል፤ ኤዲተሩን እንደገና እንዲከፍቱ የሚጠይቅ መልእክት እስኪመጣ ድረስ መስኮቱን አይዝጉት። ኡቡንቱ ለሚጠቀሙ ሰዎች የፓይተን 3 ቬንቭ ጥቅል አስቀድሞ መጫን አለበት፤ በዊንዶውስ ግን ፓይተን ባይኖርም ኤክስቴንሽኑ የራሱን ያመጣል። ዳታው በመካከል ተቋርጦ ጭነቱ ከተበላሸና በተከፈተ ቁጥር ያንኑ ስህተት ከደጋገመ፣ በነጥብ በሚጀምረው አቃፊ ውስጥ «ፔንቭ» የተባለውን ንዑስ አቃፊ አጥፍተው ኤዲተሩን እንደገና ይክፈቱት፤ የጎደለውን ራሱ ይተካል።

ጭነቱ ሲሳካ በግራው መደርደሪያ ላይ የጉንዳን ራስ የሚመስል ምልክት፣ በታችኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ ትናንሽ ምልክቶች ይታያሉ። የእርማት ምልክቷ ኮዱን ኮምፓይል ታደርጋለች፣ ወደ ቀኝ የምታመለክተው ቀስት ወደ ቦርዱ ትልካለች፣ የቆሻሻ መጣያዋ ቀድሞ የተሠራውን ታጸዳለች፣ የሶኬት መሰኪያ የምትመስለው ደግሞ ቦርዱ የሚልከውን ጽሑፍ የሚያሳየውን ሲሪያል ሞኒተር ትከፍታለች። በዕለት ተዕለት ሥራ ከእነዚህ ከአራቱ ሌላ የሚያስፈልግ ቁልፍ የለም ማለት ይቻላል።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ፕሮጀክት፣ ትልቁም ማውረድ

የጉንዳኑን ራስ ጠቅ አድርገው የፕላትፎርምአይኦን መነሻ ገጽ ይክፈቱና «ኒው ፕሮጀክት» የሚለውን ይምረጡ። ለፕሮጀክቱ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ አጭር ስም ይስጡት። በቦርዱ ሳጥን ውስጥ ለኡኖ «አርዱይኖ ኡኖ»፣ በገበያ ለሚገኙት 30 እግር ላላቸው የኢኤስፒ32 ቦርዶች «ዶይት ኢኤስፒ32 ዴቭኪት ቪ1» የሚለውን ይምረጡ፤ ፍሬምወርኩ ለሁለቱም አርዱይኖ ነው።

«ዩዝ ዲፎልት ሎኬሽን» የሚለውን ምልክት ያንሡና ፕሮጀክቱ በሲ ድራይቭ ላይ እርስዎ በፈጠሩት አጭር ስም ባለው አቃፊ ውስጥ እንዲቀመጥ ያድርጉ። ምልክቱ ካልተነሣ ፕሮጀክቱ የሚቀመጠው በዶክዩመንትስ ውስጥ ነው፤ ዋንድራይቭ በርቶ ከሆነ ደግሞ ዶክዩመንትስ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨር ስለሚልክ፣ በእያንዳንዱ ኮምፓይል የሚፈጠሩት ብዙ ጊዜያዊ ፋይሎች በዳታዎ ይጓጓዛሉ። በዚያ ላይ የዊንዶውስ የፋይል አድራሻ በተለምዶ ከ260 ፊደል እንዲያልፍ ስለማይፈቀድ አጭር አቃፊ ከሌላ ጣጣም ያድናል።

«ፊኒሽ» የሚለውን ጠቅ ሲያደርጉ የሚመጣው መስኮት እንዲጠብቁ ብቻ ይነግርዎታል፤ ምን ያህል እንደወረደ፣ ምን ያህልስ እንደቀረ አያሳይም። ለኡኖ የሚወርደው ትንሽ ነው፤ ለኢኤስፒ32 ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት በመሆኑ በሆትስፖት ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ብዙ ሰው «ተቆልፏል» ብሎ መስኮቱን የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። ተቆልፎ እንደሆነና እንዳልሆነ ለማወቅ በስልክዎ ላይ የሆትስፖቱን የዳታ ቆጣሪ ወይም በዊንዶውስ ታስክ ማኔጀር ውስጥ የኔትወርኩን መስመር ይመልከቱ፤ ቁጥሩ እየጨመረ ከሆነ ይተዉት።

ፕሮጀክቱ ሲከፈት ሥራው ገና ግማሹ ነው። የቀሩት ክፍሎች ኮምፓይል ሲደረግ ስለሚወርዱ የእርማቷን ምልክት ጠቅ ያድርጉ። የመጀመሪያው ኮምፓይል ሙሉውን የአርዱይኖ ኮድ ከሥሩ ስለሚሠራ በአሮጌ ላፕቶፕ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት የተቀየረውን ፋይል ብቻ ስለሚሠሩ ፈጣን ናቸው። በመጨረሻ በአረንጓዴ «ሰክሰስ» የሚል ጽሑፍ፣ ከእርሱ በላይ ደግሞ ኮዱ ከቦርዱ ራምና ፍላሽ ምን ያህሉን እንደያዘ የሚገልጹ ሁለት መስመሮች ይታያሉ። ለኡኖ ጣሪያው 2048 ባይት ራምና 32256 ባይት ፍላሽ መሆኑን እዚያው ያነቡታል።

ወደፊት ሊሠሩበት ለሚያስቡት ለእያንዳንዱ የቦርድ ዓይነት ቦርዱ በእጅዎ ባይኖርም በዚያው ሌሊት አንዳንድ ባዶ ፕሮጀክት ፈጥረው ኮምፓይል ያድርጉ። ለኮምፓይል ቦርዱ መሰካት የለበትም።

ደረጃ 5፦ ገመዱ፣ ቺፑና ድራይቨሩ

ከኤዲተሩ ይልቅ ሰውን የሚያስመርረው ይህ ክፍል ነው። ቦርዱን በዩኤስቢ ሲሰኩት ቀይ መብራቱ ስለበራ ብቻ ተገናኝቷል ማለት አይደለም። ከርካሽ ቻርጀር ጋር የሚመጡ ብዙ ገመዶች ኃይል የሚያስተላልፉትን ሁለት ሽቦዎች ብቻ ይይዛሉ፤ ዳታ የሚሄድባቸው ሁለቱ ሽቦዎች የሉባቸውም። ገመዱን ለመፈተን ስልክዎን በእርሱ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙና ፎቶዎችዎ በላፕቶፑ ላይ ይከፈቱ እንደሆነ ይዩ፤ ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ፎቶ ማሳየት ካልቻለ ያ ገመድ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ገመዱ ደኅና ሆኖ ሳለ ቦርዱ ካልታወቀ የቀረው ድራይቨር፣ ማለትም ላፕቶፑ ከቦርዱ ጋር እንዲነጋገር የሚያደርገው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ከመርካቶም ሆነ ከመገናኛ የሚገዙት አብዛኞቹ የኡኖ ቦርዶች ጣሊያን የተነደፈው ቦርድ ኮፒዎች ናቸው፤ ይህ ምንም ነውር የለበትም፣ ንድፉ ለሁሉም ክፍት ነው። ልዩነቱ ዩኤስቢውን ከዋናው ቺፕ ጋር የሚያስተረጉመው ቺፕ ላይ ነው፤ በዋናው ኡኖ አር3 ላይ አትሜጋ16ዩ2 ሲሆን በኮፒዎቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሲኤች340 ነው። ቦርዱን ወደ ብርሃን አዘንብለው ከዩኤስቢ መሰኪያው አጠገብ ይመልከቱ። ረዘም ያለ፣ በሁለት ጎኑ ስምንት ስምንት እግር ያለው ጥቁር ቺፕ ካዩ፣ አጠገቡም የሚያብረቀርቅ ብረት ለባሽ ሞላላ ክሪስታል ካለ፣ ሲኤች340ጂ የሚባለው ነው፤ ያለ ክሪስታል የሚሠራው ደግሞ ሲኤች340ሲ ነው። በኢኤስፒ32 ቦርዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ትንሽ አራት ማዕዘን የሆነው፣ እግሮቹ ወደ ውጭ የማይወጡት ሲፒ2102 ነው። ጽሑፉ በጣም ደብዛዛ ስለሆነ በስልክ ካሜራ አጉልቶ ፎቶ ማንሣት ከዓይን ይሻላል።

የሲኤች340 ድራይቨር ከአምራቹ ከደብልዩሲኤች፣ የሲፒ2102 ድራይቨር ደግሞ ከሲሊከን ላብስ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል፤ ሁለቱም ትንንሽ ፋይሎች ስለሆኑ የትኛው እንደሚያስፈልግዎ ባያውቁም ሁለቱንም አውርደው በፍላሽ ይያዟቸው። ከጫኑ በኋላ ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍተው «ፖርትስ» በሚለው ሥር ይመልከቱ። ቦርዱን ሲሰኩ የሚመጣው፣ ሲነቅሉ የሚጠፋው ኮም ከሚል ቃልና ከቁጥር ጋር የተጻፈው መስመር የእርስዎ ቦርድ ነው። ፕላትፎርምአይኦ ፖርቱን ራሱ ስለሚያገኝ ሁለት ቦርድ በአንድ ጊዜ ካልሰኩ በስተቀር ቁጥሩን መጻፍ አያስፈልግም።

በሊነክስ ድራይቨሮቹ ከሲስተሙ ጋር ስለሚመጡ የሚጎድለው ፈቃድ ነው፤ ተጠቃሚዎን ዳያልአውት በተባለው ግሩፕ ውስጥ ያስገቡና ወጥተው እንደገና ይግቡ። በኡቡንቱ 22.04 ላይ ሲኤች340 ያለው ቦርድ ተሰክቶ ወዲያው ከጠፋ፣ ለዓይነ ሥውራን የብሬል ስክሪን የተሠራው ቢአርኤልቲቲዋይ የተባለው አገልግሎት ቦርዱን የራሱ መሣሪያ መስሎት ይዞታል ማለት ነው፤ የብሬል ስክሪን የማይጠቀሙ ከሆነ ይህን ጥቅል ያስወግዱት።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያውን ኮድ መላክ

በፕሮጀክቱ ውስጥ ኤስአርሲ በተባለው አቃፊ ሥር ያለውን ሜይን የተባለውን ፋይል ይክፈቱ። ሴትአፕ በሚለው ቅንፍ ውስጥ በሲሪያል ቢጊን ፍጥነቱን 115200 ያድርጉና በፒንሞድ ለኢኤስፒ32 ፒን 2ን አውትፑት ያድርጉ፤ ለኡኖ ፒኑ 13 ነው። ሉፕ በሚለው ቅንፍ ውስጥ በዲጂታልራይት ፒኑን ሃይ፣ ከዚያ በዲሌይ 500 ሚሊሰከንድ መጠበቅ፣ ከዚያ ሎው፣ እንደገና 500፣ በመጨረሻም በሲሪያል ፕሪንት አንድ አጭር ቃል መላክ ይጻፉ። ቋንቋው ትልቅና ትንሽ ፊደልን ስለሚለይ በፒንሞድ መካከል ያለው ኤም፣ በዲጂታልራይት መካከል ያለው ደብልዩ ትልቅ መሆን አለባቸው። ኤዲተሩ መጻፍ ሲጀምሩ የሚያቀርብልዎትን ጥቆማ መቀበል ከዚህ ስህተት ያድናል።

ቀጥሎ ፕላትፎርምአይኦ የሚል ስም ያለውን የፕሮጀክቱን የቅንብር ፋይል ይክፈቱና ከታች አንድ መስመር ይጨምሩ፤ ሞኒተርና ስፒድ የሚሉትን ቃላት በታች ሰረዝ አገናኝተው፣ የእኩል ምልክት አድርገው 115200 ብለው ይጻፉ። ይህ መስመር ከሌለ ሞኒተሩ በ9600 ስለሚያዳምጥ ከቦርዱ የሚመጣው ጽሑፍ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል። ከዚያ ቀስቷን ጠቅ ያድርጉ።

ኢኤስፒ32 ላይ «ኮኔክቲንግ» ብሎ ነጥብና ሰረዝ እየደረደረ ከቆየና በመጨረሻ ካልተሳካ፣ እንደገና ይላኩና ነጥቦቹ ሲጀምሩ ቦርዱ ላይ «ቡት» የተጻፈባትን ቁልፍ ተጭነው መጻፍ እስኪጀምር ይያዙ። በላኩ ቁጥር ይህን ማድረግ ካሰለቸዎት፣ ኢኤን ከሚለው እግርና ከግራውንድ መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማስገባት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል፤ ካፓሲተሩ ኤሌክትሮላይቲክ ከሆነ አሉታዊው እግር ወደ ግራውንድ ነው። ከአርዱይኖ ናኖ ኮፒ ጋር «ኖት ኢን ሲንክ» የሚል ስህተት እስከ አሥር ጊዜ ከተደጋገመ በቦርዱ ላይ ያለው ቡትሎደር (ኮድ የሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም) ከመረጡት የናኖ ስም ጋር አይገጥምም ማለት ነው፤ በቅንብር ፋይሉ ላይ ከሁለቱ የናኖ 328 ስሞች ያልመረጡትን ይተኩበት፤ አዲሱ ቡትሎደር በ115200፣ የድሮው በ57600 ነው የሚናገሩት። «አክሰስ ዲናይድ» ካለ ደግሞ ፖርቱን ሌላ ፕሮግራም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ ክፍት የቀረ አርዱይኖ አይዲኢ፣ ይዞታል።

ኮዱ እየተላከ መብራት ቢጠፋ ወይም ገመዱ ቢነቀል ቦርዱ ይሞታል ብለው አይሥጉ። በኢኤስፒ32 ኮድ የሚቀበለው የመጀመሪያው ፕሮግራም በቺፑ ሮም ውስጥ የተቀረጸ ስለሆነ ሊጠፋ አይችልም፣ በኡኖም ቡትሎደሩ የሚቀመጠው ለብቻው በተከለለ የፍላሽ ክፍል ነው። መብራት ሲመጣ እንደገና ይልካሉ።

ደረጃ 7፦ ዳታውን ዘግቶ መፈተን

አሁን ሆትስፖቱን ይዝጉ። ቪኤስ ኮድን ዘግተው እንደገና ይክፈቱ፣ የቆሻሻ መጣያዋን ጠቅ አድርገው የተሠራውን ሁሉ ያጽዱ፣ ከዚያ የእርማቷን ምልክት ይጫኑ። አረንጓዴው ጽሑፍ ከመጣ ዝግጅቱ ሙሉ ነው፤ ይህንኑ ለፈጠሩት ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ይድገሙ። አንዱ ላይ የሶፍትዌር ጥቅል አጣሁ ቢል፣ የዳታ ጥቅልዎ ሳያልቅ እዚያው ሆትስፖቱን ከፍተው ያሟሉት። የመነሻው ገጽ በተከፈተ ቁጥር እየመጣ ኢንተርኔት የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ በሴቲንግስ ውስጥ «ዲሴብል ፒአይኦ ሆም ስታርትአፕ» የሚለውን ፈልገው ምልክት ያድርጉበት፤ ለአነስተኛ ራምም እፎይታ ነው።

አማርኛ በኮድ ውስጥ

ማብራሪያዎችን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ መጻፍም ይገባል፤ ከሁለት ስላሽ (//) በኋላ ያለ ማብራሪያ ወደ ቦርዱ ስለማይሄድ አንዲት ባይት አያባክንም። ችግር የሚመጣው ማብራሪያውን ጽፈው የኪቦርዱን ቋንቋ ሳይመልሱ ወደ ኮዱ ሲቀጥሉ ነው። በነጠላ ሰረዝ ቦታ የእኛ ነጠላ ሰረዝ፣ በሰሚኮለን ቦታ ድርብ ሰረዛችን ከገባ ኮምፓይለሩ «ስትሬይ» ብሎ 341 የሚል ቁጥር የያዘ ስህተት ያወጣል። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ የዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ሰንጠረዥ ቁምፊዎች ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው በስምንት ቤት አቆጣጠር 341 ስለሆነ፣ ይህን ቁጥር ሲያዩ በጠቆመው መስመር ላይ የአማርኛ ምልክት ይፈልጉ። ፊደሎቹ በኤዲተሩ ባዶ ሳጥን ሆነው ከታዩ በሊነክስ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት መጫን ይበቃል።

ወደ ሲሪያል ሞኒተር የሚላክ የአማርኛ ጽሑፍ ግን ዋጋ አለው፤ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ለኢኤስፒ32 ይህ አያሳስብም። ለኡኖ ግን አንድ መቶ ፊደል ያለው መልእክት ከ2048 ባይት ራም ላይ 300 ይወስዳል፤ ጽሑፉን በትልቁ የኤፍ ፊደል ቅንፍ ውስጥ አስገብተው በፍላሽ እንዲቀር ያድርጉ። ባለ 16 ፊደልና ባለ ሁለት መስመር የሆነው ሰማያዊው ኤልሲዲ ግን የእኛን ፊደል አያውቅም፤ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው ስምንት በእጅ የተሣሉ ቁምፊዎችን ብቻ ስለሆነ «ሙቀት» ለማለት ይበቃል፣ ለዓረፍተ ነገር አይበቃም።

ላይብረሪ፣ ስሪትና ወደ ሌላ ላፕቶፕ ማሻገር

በፕላትፎርምአይኦ ላይብረሪ የሚገባው በየፕሮጀክቱ ነው። የዲኤችቲ22 የሙቀት መለኪያን ላይብረሪ ለአንዱ ፕሮጀክት አስገብተው ቢሆንም ሁለተኛው ፕሮጀክት ኢንተርኔት ሊጠይቅ ይችላል። ዳታ ከሌለ በመጀመሪያው ፕሮጀክት ውስጥ በነጥብ ከሚጀምረው ፒአይኦ አቃፊ፣ ሊብዴፕስ ከሚለው ሥር የላይብረሪውን አቃፊ ገልብጠው በአዲሱ ፕሮጀክት ሊብ በሚለው አቃፊ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ኤዲተሩ ከዚያ ያነበዋል።

የሚሠራ ፕሮጀክት ሲያገኙ በቅንብር ፋይሉ ላይ ከፕላትፎርሙ ስም ቀጥሎ የአት ምልክት አድርገው የስሪቱን ቁጥር ይጻፉ፤ ቁጥሩ ኮምፓይል ሲደረግ በሚወጣው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ካልጻፉ ፕሮጀክቱን የወሰደ ጓደኛዎ የዕለቱን አዲስ ስሪት ያወርዳል፣ ኮዱም ላይሠራለት ይችላል። ለኢኤስፒ32 ይህ በተለይ ይታያል፤ በ2024 የወጣው የአርዱይኖ ኮር 3 ለሞተርና ለመብራት ጉልበት መቆጣጠሪያ የሚያገለግሉትን ኤልኢዲሲ ሴትአፕና ኤልኢዲሲ አታችፒን የተባሉ ትእዛዞች አስወግዶ በአንድ ኤልኢዲሲ አታች ተክቷቸዋል። መደበኛው የፕላትፎርምአይኦ ፕላትፎርም በ6ኛው ተከታታይ ስሪቱ የሚጠቀመው ኮር 2ን ስለሆነ፣ ለአዲሱ የተጻፈ ምሳሌ ገልብጠው «ትእዛዙ አይታወቅም» ሲልዎ ጥፋቱ የጭነትዎ አይደለም።

የጎረቤት ወይም የክፍል ጓደኛ ላፕቶፕ ላይ ለማሻገር፣ በመጀመሪያ በዚያኛው ላይ ቪኤስ ኮድንና ኤክስቴንሽኑን ይጫኑ። ከዚያ በነጥብ ከሚጀምረው የፕላትፎርምአይኦ አቃፊዎ «ፓኬጅስ» እና «ፕላትፎርምስ» የተባሉትን ሁለት ንዑስ አቃፊዎች ብቻ በፍላሽ ወስደው በዚያኛው ተመሳሳይ ቦታ ያስቀምጡ። ፔንቭን አይገልብጡት፣ የእርስዎን ላፕቶፕ አድራሻ በውስጡ ይዟል። ሁለቱም ላፕቶፖች ዊንዶውስ ወይም ሁለቱም ሊነክስ መሆን አለባቸው፤ ኮምፓይለሮቹ ለየሲስተሙ የተለያዩ ናቸው። ፋይሎቹ ትንንሽና እጅግ ብዙ በመሆናቸው አንድ በአንድ መገልበጡ ሰዓት ስለሚፈጅ አስቀድመው ወደ አንድ ዚፕ ይጠቅልሏቸው፣ ፍላሹም ዚፑ 4 ጊጋባይት ካለፈ ፋት32 ሳይሆን ኤክስፋት ፎርማት የሆነ ይሁን። ገልብጠው ሲጨርሱ በዚያኛውም ላፕቶፕ ላይ የሆትስፖቱን ግንኙነት አቋርጠው ደረጃ 7ን ይድገሙ።